ዓለም አቀፍ ሕግ ዋልያንና አቦሸማኔን የሚያያቸው በየትኛው ዓይን ነው?

የዓለም ቅርስ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 ቅርሶች ሲመዘግብ ሁለቱ ከኢትዮጵያ ነበሩ፤ አንደኛው የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ ሁለተኛው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ላሊበላ የሰው እጅ ሥራ ነው። ስሜን ግን ለመዝገብ የበቃው በገደሎቹ ግርማ ብቻ ሳይሆን በገደሎቹ ላይ በሚኖሩት እንስሳት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከዚያ ተራራ በቀር በዓለም የትም በማይገኘው በዋልያ ምክንያት ጭምር ነው። አንድ የዱር እንስሳ በአንድ አገር ገደል ላይ በሕይወት መቆየቱ የሰው ልጅ ሁሉ ጉዳይ ነው ብለው መንግሥታት መስማማታቸው በሕግ ታሪክ ውስጥ ቀላል ነገር አልነበረም። ይህ ከሆነ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። ስለዚህም ያ ስምምነት ለዋልያው ምን እንዳደረገለት፣ ከዋልያው ጋር አንድ ተራራ ለሚጋራው ገበሬስ ምን ይዞበት እንደመጣ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል።

ስለ ሰው ሕይወት ሲሆን የዓለም አቀፍ ሕግ ቃል ግልጽ ነው። የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በ6ኛው አንቀጹ እያንዳንዱ ሰው በተፈጥሮው በሕይወት የመኖር መብት እንዳለው፣ ማንም ሰው ያለ አግባብ ሕይወቱን እንደማይነጠቅ ይደነግጋል። ሰው ላልሆነው ሕያው ፍጡር ግን ከዚህ ጋር የሚስተካከል ድንጋጌ የለም፤ የእንስሳትን ደኅንነት በቀጥታ የሚመለከትና መንግሥታትን ሁሉ የሚያስገድድ ዓለም አቀፍ ስምምነትም እስካሁን አልተጻፈም። ስምምነቶቹ ወደ እንስሳው የሚደርሱት ሁልጊዜ በሌላ ነገር በኩል ዞረው ነው። ዋልያው የሚጠበቀው ቅርስ ስለሆነ፣ አቦሸማኔው ድንበር ተሻጋሪ ሸቀጥ ስለሆነ፣ የእርሻ በሬው የሲቪል ሰው ምግብ ስለሆነ ነው። ይህ የዙሪያ መንገድ ጥበቃውን ከንቱ አያደርገውም። ሆኖም ጥበቃው በየትኛው ቦታ እንደሚሰበር አስቀድሞ የሚወስነው ይኸው መንገድ መሆኑን የስሜን ተራሮች ታሪክ በደንብ ያሳያል።

የ1972ቱ የዓለም ቅርስ ስምምነት የተገነባው እርስ በርሳቸው በሚጓተቱ ሁለት ሐሳቦች ላይ ነው። በአንድ በኩል ቅርሱ የሚገኝበት መንግሥት ሉዓላዊነት ሙሉ በሙሉ እንዲከበር ይደነግጋል፤ በሌላ በኩል ቅርሱን መጠበቅ የመላው ዓለም አቀፍ ማኅበረሰብ የጋራ ግዴታ መሆኑን ያውጃል። ኮሚቴው ፖሊስ የለውም፣ መቀጫ አይጥልም፣ ፓርክ ውስጥ የሚታረስ መሬትም ማስቆም አይችልም። በእጁ ያለው ዋነኛ መሣሪያ መዝገብ ነው፤ ቅርሱን በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ማስፈር ወይም ነገሩ ከከፋ ጨርሶ መሰረዝ ይችላል። ስሜን በዚያ የአደጋ መዝገብ ላይ የሰፈረው በ1996 ነው። የዋልያው ቁጥር መቀነስ፣ የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት እንዲሁም ፓርኩን ሰንጥቆ የተሠራው መንገድ በምክንያትነት ተጠቅሰዋል። ውሳኔው ከክልሉ ወገን ቅሬታ ተነሥቶበት ነበር፤ አገር በቀል ባለሥልጣን ስለ ራሱ ተራራ ከሩቅ ስብሰባ ፍርድ ሲመጣበት ቅር መሰኘቱም የሚጠበቅ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ይህ ጥርስ የሌለው የሚመስል መሣሪያ ጨርሶ ደካማ እንዳልሆነ ይመሰክራል። ኮሚቴው ስሜን ከአደጋ መዝገብ የሚወጣባቸውን መመዘኛዎች አስቀመጠ፦ የፓርኩ ወሰን መንደሮችን ከውስጡ አስወጥቶ እንደገና ይከለል፣ ፓርኩ ይስፋ፣ የሰውና የከብት ጫና ይቀንስ፣ ዋልያና ቀይ ቀበሮ ያንሰራሩ የሚሉ ነበሩ። ሥራው ሃያ ዓመት ወሰደ። በ1960ዎቹ በአደን ምክንያት ወደ 150 ገደማ ወርዶ እንደነበር የሚገመተው ዋልያ ወደ በርካታ መቶዎች አደገ፣ የፓርኩ ስፋት ጨመረ፣ ትራፊኩን ከፓርኩ እምብርት የሚያስወጣ አማራጭ መንገድ ተጀመረ፤ በ2017 ስሜን ከአደጋ መዝገቡ ወጣ። በ2019 የሚያዝያ ወር በተራራው ላይ ሰደድ እሳት በተነሣ ጊዜም የኬንያ ሄሊኮፕተርና ከእስራኤል የመጡ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ተሰልፈዋል። በስምምነቱ ውስጥ በደረቅ ቋንቋ የተጻፈው «ዓለም አቀፍ ትብብር» መሬት ላይ ሲወርድ ምን እንደሚመስል ያየንበት አጋጣሚ ነበር።

በዚህ የስኬት ታሪክ መካከል ግን ግጭ አለች። ግጭ በፓርኩ እምብርት የነበረች መንደር ናት። በ2016 ከ400 በላይ ቤተሰቦች ከዚያ ተነሥተው በደባርቅ ከተማ ዙሪያ እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ። የሁለቱ ክስተቶች ቅደም ተከተል ድንገተኛ አልነበረም፤ የሰው ጫና መቀነስ ከመመዘኛዎቹ አንዱ ነበርና። ትውልዶችን ገብስ ሲዘራና ከብት ሲያረባ የኖረ ሰው ካሳ ተሰጥቶት ወደ ከተማ ዳር ሲሸጋገር የሚያጣው መሬቱን ብቻ አይደለም። ሙያውም አብሮ ይሄዳል፤ ገንዘብ ደግሞ ሙያን አይተካም። በስሜን ያለው የከብት ጫና እውነተኛ ችግር እንደነበር፣ ተራራው ያንን ሁሉ ግጦሽ መሸከም እንዳቃተው አልክድም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ስምምነቱ ለመንግሥት ግዴታ ሰጠ፣ ለዋልያው ቦታ ሰጠ፤ የግጭ ሰው ግን በውሉ ውስጥ በምን ስም ይታወቃል? በ1972ቱ ጽሑፍ ውስጥ የቅርሱ ጎረቤት የባለመብትነት ቦታ አልተሰጠውም።

ይህን ክፍተት የሞላው ከሌላ በኩል የመጣ ሕግ ነው፤ የመጣውም ከዚሁ ከአፍሪካ ነው። በኬንያ የኢንዶሮይስ ማኅበረሰብ ከ1973 ጀምሮ የዱር እንስሳት ክልል ለመመሥረት ተብሎ ከቦጎሪያ ሐይቅ ዙሪያ ተፈናቅሎ ነበር። የአፍሪካ የሰብዓዊና ሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን በሰጠውና የአፍሪካ ኅብረት በ2010 ባጸደቀው ውሳኔ የኬንያ መንግሥት የማኅበረሰቡን የመሬት፣ የሃይማኖት፣ የባህልና የልማት መብቶች እንደጣሰ ተገለጸ። የአፍሪካ የሰብዓዊና ሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ደግሞ በ2017 በማው ደን ነዋሪዎች በኦጊየክ ሕዝብ ጉዳይ ከዚህም ርቆ ሄደ። መንግሥት ደን ለመጠበቅ ነው ያፈናቀልኩት ቢልም፣ ለደኑ መራቆት ኦጊየኮች ተጠያቂ መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አላቀረበም ብሎ ፈረደ። የማስረዳት ሸክሙ ተፈናቃዩ ላይ ሳይሆን አፈናቃዩ ላይ መውደቁ በእኔ ግምት የፍርዱ ትልቁ ቁም ነገር ነው። የሕጉ ክንዶች እርስ በርስ አለመተዋወቃቸውን የሚያሳየውም የቦጎሪያ ታሪክ ራሱ ነው፤ ኅብረቱ ያንን ውሳኔ ባጸደቀ ማግሥት፣ በ2011፣ ሐይቁ ማኅበረሰቡ በአግባቡ ሳይመከርበት በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

ከተራራው ወደ ቆላው ስንወርድ የዱር እንስሳው ሌላ ስም ይሰጠዋል። ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዝርያዎች ዓለም አቀፍ ንግድን የሚቆጣጠረው ስምምነት፣ በአጭር መጠሪያው ሳይተስ፣ በ1973 በዋሽንግተን ተፈርሞ በ1975 ሥራ ላይ ውሏል፤ ኢትዮጵያ በ1989 አባል ሆናለች። ስምምነቱ ዝርያዎችን በሦስት አባሪዎች ይመድባል። አቦሸማኔ ከመጀመሪያው አንሥቶ ያለው በአባሪ 1፣ ማለትም ከዱር ተይዞ ለንግድ ዓላማ ድንበር መሻገሩ በተከለከለው ዝርዝር ውስጥ ነው። በዓለም የቀረው የዱር አቦሸማኔ 7,000 ገደማ እንደሚሆን ይገመታል። በአፍሪካ ቀንድ ያለው ቁጥር የዚህ ትንሽ ክፍል ቢሆንም፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች በሕገ ወጥ መንገድ ለሚሻገሩት ደቦሎች ዋነኛ ምንጭ ግን ይኸው አካባቢ ነው።

መንገዱ የታወቀ ነው። ደቦሎቹ ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልልና ከሶማሌላንድ ቆላዎች ይያዛሉ፣ በመኪና ወደ ባሕር ዳርቻ ይወሰዳሉ፣ በጀልባ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ተሻግረው ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሀብታም ገዢዎች ይጓዛሉ። ከሚያዙት ብዙዎቹ በውኃ ጥም፣ በረኀብና በበሽታ መንገድ ላይ ይሞታሉ። በዚህ ሰንሰለት መነሻ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው አርብቶ አደር ነው፤ ፍየሎቹን አውሬ በልቶበታል፣ ድርቅ ከብቱን ጨርሶበታል፣ ለአንድ ደቦል የሚሰጠው ገንዘብ ደግሞ ለእሱ ትንሽ አይደለም። በመጨረሻው ጫፍ ያለው ገዢ ለተመሳሳይ እንስሳ የሚከፍለው ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ሳይተስ በዚህ መንገድ ላይ የሚቆመው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም ድንበሩ ነው። የደቦሉ እናት በተገደለችበት ሜዳ ላይ ስምምነቱ የለም፤ ያ ጉዳይ ለየአገሩ የውስጥ ሕግ የተተወ ነው። ገዢው ግቢ ውስጥ የታሰረውን እንስሳ ለማስፈታትም በራሱ ብዙ አቅም የለውም። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ግለሰቦች አዳኝ አውሬዎችን በቤታቸው እንዳያኖሩ የሚከለክል የራሷን ሕግ ያወጣችው በ2016 ነው፤ በአባሪ 1 የተጻፈው ክልከላ በአራት አሠርት ዓመታት ውስጥ ያልዘጋውን ክፍተት የሞላው ይህ የአገር ውስጥ ሕግ ነበር።

በድንበሩ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ስምምነት የሚፈርሙት መንግሥታት ናቸው። ሶማሌላንድ ከአብዛኛው ዓለም ዕውቅና ስላላገኘች የሳይተስ አባል መሆን አትችልም፤ ዋናው የመተላለፊያ ዳርቻ በወረቀት ላይ የሶማሊያ ግዴታ ሥር ያለ፣ በተግባር ግን ሌላ አስተዳደር የሚቆጣጠረው ነው። እንዲህም ሆኖ የሶማሌላንድ ፍርድ ቤቶች አዘዋዋሪዎችን በእስራት ቀጥተዋል፣ ከአዘዋዋሪ እጅ የተያዙ በደርዘን የሚቆጠሩ አቦሸማኔዎችም በሐርጌሳ አቅራቢያ ባለ ማዕከል እንክብካቤ እየተደረገላቸው ነው። በስምምነቱ ያልታሰረ አስተዳደር የስምምነቱን ሥራ ሲሠራ፣ በስምምነቱ የታሰሩ ጎረቤቶች ግን እኩል ሲተጉ አለማየታችን ሊያሳስበን ይገባል።

በስምምነቱ ቃላት ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ሕግ የሚያስበውን የሚናገረው በቃል ምርጫው ነውና። እኛ «ደቦል» የምንለውን፣ ዓይኑን ከገለጠ ጥቂት ሳምንት ያልሆነውን ፍጡር፣ ሳይተስ «ናሙና» ይለዋል። ናሙናው ሕያው ወይም ሙት ሊሆን ይችላል፣ ቆዳም ሊሆን ይችላል፤ የሕጉ ማዕቀፍ ተመሳሳይ ነው። ስለ ጭካኔ የሚናገር አንቀጽ አለ፤ ሕያው ናሙና ሲጓጓዝ ጉዳትና ጭካኔ የተሞላበት አያያዝ የሚደርስበት ዕድል እንዲቀንስ ይደነግጋል። ነገር ግን ይህ ግዴታ በዋናነት የተያያዘው ከሕጋዊ የመላኪያ ፈቃድ ጋር ነው። በካርቶን ታሽጎ በድብቅ ለሚጓዘው ደቦል ፈቃድ የሚጠይቅለት ስለሌለ አንቀጹም አይደርስለትም። የተወረሰ ሕያው እንስሳ ወደ ተነሣበት አገር ሲመለስም ወጪውን የሚሸፍነው ያው የላከው አገር እንደሆነ ተጽፏል፤ ለበለጸጉ ገዢ አገሮች ቀላል፣ ለድሆች ምንጭ አገሮች ከባድ የሆነ ድንጋጌ ነው። አባሪ 1 ራሱ ለናሚቢያ በዓመት 150፣ ለዚምባብዌ 50፣ ለቦትስዋና 5 አቦሸማኔዎች ሕያው ሆነው ወይም የአደን መታሰቢያ ሆነው እንዲወጡ ኮታ ይፈቅዳል። ይህን ስሕተት ነው አልልም፤ ዝርያው በጠቅላላው እስካልጠፋ ድረስ ሕጉ ስለ እያንዳንዱ ነፍስ እንደማይጠይቅ ግን ግልጽ ያደርጋል።

ይህን ሁሉ የሚሸከመው ፈቃደኝነት ነው። ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በ2014 አውስትራሊያ ባቀረበችው ክስ ጃፓን በደቡባዊው ውቅያኖስ የምታካሂደው የዓሣ ነባሪ አደን ለሳይንሳዊ ምርምር ዓላማ የሚደረግ አይደለም ብሎ በ12 ለ4 ድምፅ ፈረደ፣ ጃፓንም በዚያ ፕሮግራም የሰጠችውን ፈቃድ እንድትሰርዝ አዘዘ። ለእንስሳት ሕይወት የቆመ የሚመስል ታላቅ ፍርድ ነበር። ጃፓን ግን በ2019 ከዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን ወጥታ በራሷ የባሕር ክልል ውስጥ የንግድ አደን ጀመረች። ከስምምነት መውጣት መብት በሆነበት ሥርዓት ፍርድ የሚያስረው ለመታሰር የፈቀደውን ብቻ ነው።

በጦርነት ጊዜስ? እዚህ ላይ ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1994 የተቀበለችው የጄኔቫ ስምምነቶች ሁለተኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል በ14ኛው አንቀጹ ሲቪሎችን ማስራብ የውጊያ ስልት እንዳይሆን ይከለክላል፤ ለሲቪሉ ሕዝብ ሕልውና የግድ አስፈላጊ ናቸው ብሎ ከሚዘረዝራቸውና ማጥፋት ወይም መዝረፍ ከተከለከሉት «ዕቃዎች» መካከል እህል፣ የእርሻ መሬት፣ የመጠጥ ውኃ ተቋማትና የቤት እንስሳት ይገኛሉ። በሰሜኑ ጦርነት የእርሻ በሬዎችና የወተት ላሞች ሲዘረፉና ሲታረዱ የተጣሰው ይህ አንቀጽ ነው። በሬን ከውኃ ቧንቧ ጋር በአንድ ዝርዝር «ዕቃ» ብሎ መጥራት፣ በሬውን በስም ለሚጠራ ገበሬ ጆሮ የሚከብድ ነው። ቢሆንም ከሁሉም ድንጋጌዎች ይልቅ ይህኛው ለእውነታው የቀረበ ይመስለኛል፤ የገበሬው ሕይወትና የበሬው ሕይወት ተነጣጥለው እንደማይታዩ አውቆ የተጻፈ ነውና። በሬው የሞተበት ቤት በቀጣዩ ክረምት ምን እንደሚገጥመው ማንም አይስተውም።

ሕያው ፍጡርን ስለ ራሱ ሲባል ለመጠበቅ አንድ ጊዜ ቃል ተገብቶ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1982 በ111 ድጋፍ፣ በአሜሪካ ብቸኛ ተቃውሞና በ18 ድምፀ ተዓቅቦ ያጸደቀው የዓለም የተፈጥሮ ቻርተር፣ ማንኛውም የሕይወት ዓይነት ለሰው ይጥቀም አይጥቀም ክብር የሚገባው ልዩ ፍጥረት መሆኑን በመግቢያው ያውጃል። ቻርተሩ አስገዳጅ አልነበረም። አስገዳጅ ሆኖ በ1992 የመጣው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት የብዝኃ ሕይወትን በራሱ ያለ ዋጋ በመግቢያው ቢያነሣም፣ በ3ኛው አንቀጹ መንግሥታት በሀብታቸው የመጠቀም ሉዓላዊ መብት እንዳላቸው ያጸናል። ለታዳጊ አገሮች ይህ መብት ተራ ነገር አልነበረም። ዘራቸውና ዕፅዋታቸው በነፃ እንዳይወሰድባቸው የቆሙት በዚህ ላይ ነው፤ የአፍሪካ ተደራዳሪዎችን የመሩት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ዘረ መላቸው የተለወጠ ሕያዋንን ድንበር ተሻጋሪ ዝውውር የሚቆጣጠረውና በ2000 የተፈረመው የካርታሄና ፕሮቶኮል እንዲወለድም ታግለዋል። ፍጡርን ስለ ራሱ የማክበሩ ሐሳብ ግን ዳግመኛ በመግቢያው ላይ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ የተሻለው መንገድ በሰብዓዊ መብት በኩል የመጣው ነው። ጠቅላላ ጉባኤው በሐምሌ 2022 ንጹሕ፣ ጤናማና ዘላቂ አካባቢ ሰብዓዊ መብት መሆኑን በ161 ድምፅ ሲያውጅ የተቃወመ አገር አልነበረም፤ ስምንት አገሮች ግን ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ፣ ከእነርሱም አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ44ኛው አንቀጽ ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ከ1995 ጀምሮ ደንግጎ ሳለ፣ ያንኑ መብት በኒው ዮርክ መደገፍ ለምን እንዳስቸገረ ለመረዳት ይከብዳል። ያው አንቀጽ በሁለተኛው ንዑስ አንቀጹ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ሰዎች ተመጣጣኝ ካሳ ወይም አማራጭ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይላል፤ ግጭን የሚመለከተው ሕግ ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤትም በሐምሌ 2025 ስለ አየር ንብረት ለውጥ በሰጠው የምክር አስተያየት ንጹሕና ጤናማ አካባቢ ለሌሎች ሰብዓዊ መብቶች መከበር መሠረት እንደሆነ በአንድ ድምፅ አረጋግጧል። ይህ መንገድ እንስሳውን አሁንም በሰው በኩል ቢያየውም፣ የግጭን ሰውና ዋልያውን ባላንጣ ሳያደርግ በአንድ መብት ሥር ሊያኖራቸው የሚችል እሱ ብቻ ነው።

ለእኛ የቀረው ሥራ ግን ከሄግም ከኒው ዮርክም ይልቅ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። በሕገ መንግሥቱ 9ኛ አንቀጽ መሠረት ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። ሆኖም በነጋሪት ጋዜጣ በተለምዶ የሚወጣው ስምምነቱ መጽደቁን የሚገልጸው አጭር አዋጅ ነው፤ የስምምነቱ ሙሉ ቃል በአማርኛም ሆነ በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች አብሮ አይታተምም። ደባርቅ ያለ ዳኛ የዓለም ቅርስ ስምምነትን ጠቅሶ እንዲፈርድ፣ በሶማሌላንድ ድንበር በቶጎ ውጫሌ ኬላ ላይ ካርቶን የሚፈትሽ የጉምሩክ ሠራተኛ በአባሪ 1 ያለውን እንስሳ ከሌላው ለይቶ እንዲይዝ፣ በዚያው ቆላ ያለ አርብቶ አደርም የያዘው ደቦል በሕግ ፊት ምን እንደሆነ እንዲያውቅ የምንጠብቅባቸው ቃላት በማያነቡት ቋንቋ ተጽፈው ተቀምጠዋል። ስምምነቶቹን በአማርኛና በሶማሊኛ ተርጉሞ ማተም የገንዘብም የዲፕሎማሲም እንቅፋት የለበትም፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ስምምነት ሲያጸድቅ ሙሉ ቃሉን ከአዋጁ ጋር እንዲያወጣ መወሰን ይበቃል።